ጉርምርምታውን የሚያመጣው ርካሹ ቺፕ አይደለም

ደሴ ላይ መንዙማና ማሲንቆ በየቤታቸው ለሚቀርፁ ወጣቶች «የሠራችሁት ፕሪአምፕ (የማይክራፎንን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ሰርኪዩት) የሚያጉረመርመው ቺፑ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ውዱን ግዙ» ተብሎ የተሰጠው ምክር፣ ብዙዎች የሚደጋግሙት ቢሆንም ስህተት ነውና መታረም አለበት።

ሳያቋርጥ በዝቅተኛ ቃና የሚሰማው ጉርምርምታ ምንጩ 50 ኸርዝ የሆነው መብራት ነው፤ ወደ ዲሲ (አቅጣጫው ወደማይለዋወጥ ኃይል) ሲቀየር በደንብ ሳይጣራ ከቀረ ደግሞ በ100 ኸርዝ ይሰማል። ዳይናሚክ ማይክራፎን (በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚሠራው) የሚያመነጨው ቮልቴጅ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ እንደ ማሲንቆ ያለ ለስላሳ ድምፅ ሲቀረፅ እስከ 1000 እጥፍ ማጉላት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ በመግቢያው ሽቦ ሾልኮ የገባ 1 ማይክሮቮልት ጉርምርምታ 1 ሚሊቮልት ሆኖ ይወጣል። የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ቺፑ ይህን ከማሲንቆው ድምፅ ለይቶ ሊያስቀር አይችልም።

ስለዚህ እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ ኃይል የሚሠራ ፕሪአምፕ ከሆነ፣ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዙና መጋጠሚያቸውን ግራውንድ (የሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት ነጥብ) አድርጋችሁ ሞክሩት። ጉርምርምታው ከጠፋ ጥፋቱ የኃይል ሰጪው ነው፤ ትራንስፎርመሩን ከማይክራፎኑ መግቢያ አርቁ፣ የ220 ቮልት ሽቦዎቹን እርስ በርስ ግመዷቸው፣ ግራውንዶቹንም በአንድ ነጥብ ላይ ሰብስባችሁ በዩ። በባትሪም ከቀጠለ የገመዱን ሺልድ (ሽቦውን የሚሸፍነውን የብረት መከለያ) መርምሩ፤ ሰርኪዩቱንም ከግራውንድ ጋር በተያያዘ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስገቡት።

ቺፕ መቀየር የሚጠቅመው ለሌላው ችግር፣ «ሽሽ» እያለ ለሚሰማው ሽሽታ ነው፤ ለዚያም ቢሆን ቲኤል 072 በተባለው ቺፕ ምትክ ኤንኢ 5532 የተባለው ይበቃል፣ ዋጋውም ውድ ከሚባሉት ውስጥ አይደለም።