ቢጫው መስመር ወዴት ነው የሚወስደኝ?

ሰፈራችን እግረኛ መንገድ ላይ ለእኛ ለዓይነ ስውራን መንገድ የሚመራው ቢጫ ንጣፍ ሲነጠፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ረጅሙ ሰረዝ «ቀጥል»፣ ክብ ክቡ ጉብታ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ ኦካያማ ከተማ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነገር ነው፤ ማንም ሊያጣራው ይችል ነበር።

ትናንት ሰረዙን በበትሬ እየዳበስኩ ስሄድ፣ አንዲት ጉብታ እንኳ ሳላገኝ፣ በትሬ በጎን አልፎት ግንባሬ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። መስመሩ ምሰሶው ሥር ገብቶ በወዲያኛው በኩል ይቀጥላል! ዓይነ ስውሩ እኔ ነኝ ወይስ ያነጠፈው ሰውዬ? ትንሽ አለፍ ስል ደግሞ የሊስትሮ ሣጥን። ልጁ ቢያንስ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ተነሳልኝ፤ ምሰሶው ግን አይነሳም።

ስልኬ «ደርሰሃል» ይለኛል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አያውቅም። ሰው ስጠይቅ፣ «ያውልህ፣ እዛ ጋ!» በጣቱ እያሳየኝ መሆኑ ነው እኮ! እዛ የት? በግራ? በቀኝ? ስንት እርምጃ?

አንዱማ ጭራሽ ሳይጠይቀኝ ክንዴን አፈፍ አድርጎ አስፋልቱን አሻገረኝ። መሻገር መች ፈለግሁ?