ማስተካከያ፦ የኮዙሜል የባሕር ዳርቻና የመርከቡ ሰዓት

ባለፈው ጽሑፌ በክሩዝ መርከብ ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደሴት ለምትወርዱ ቤተሰቦች የምሥራቁን ዳርቻ መርጬ ነበር። ሰው አይበዛበትም፣ ልጆች እንደልብ ይሮጣሉ ብዬ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምሥራቁ ወገን ለክፍት ባሕር የተጋለጠ ነው። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚስበው ውኃ ዋና የሚችል አዋቂን ሳይቀር ይወስዳል። ለዓይን ግሩም ነው፣ ልጅ ይዞ ለመግባት ግን በፍጹም አይሆንም። ምዕራቡን ምረጡ። ደሴቲቱ ራሷ ስለምትከልለው ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው። መርከቦቹም የሚቆሙት በዚያው በኩል ነው።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። ኮዙሜልና የብዙ ክሩዝ መርከቦች መነሻ የሆነችው የአሜሪካዋ ከተማ ማያሚ ሰዓታቸው አንድ ነው ብዬ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም። ማያሚ ከማርች እስከ ኖቬምበር ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ ኮዙሜል ግን አትቀይርም። ስለዚህ መርከቡ በማያሚ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ፣ ስልካችሁ በደሴቲቱ ሰዓት 9፡30 ሲል መርከቡ ላይ 10፡30 ሆኗል። ልጆች ከአሸዋው አልነሣም ሲሉ ይህች አንድ ሰዓት መርከብ ታስመልጣለች። ከመውረዳችሁ በፊት የእጅ ሰዓታችሁን በመርከቡ ሰዓት ሙሉና እሱን ብቻ እዩ።