ባልም አብሮ ይመርመር
ስለ ወንዶች መካንነት ያነበብኩት ጽሑፍ በሚቶኮንድሪያ (ለሴል ኃይል በሚያመነጨው ክፍል) ውስጥ ባለው ዲ ኤን ኤ ላይ የሚደርስ ጉዳት የወንድን ዘር ፍሬ እንቅስቃሴ እንደሚያዳክም በሚገባ አስረድቷል። 37 ጂኖች ብቻ ያሉት ይህ ዲ ኤን ኤ ኃይል ከሚመነጭበት ቦታ አጠገብ ስለሚገኝና እንደ ኒውክሊየሱ (የሴሉ እምብርት) ዲ ኤን ኤ በፕሮቲን አጥብቆ ስላልተጠቀለለ ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መታከል የነበረበት ግን፣ በጤናማ ዘር ፍሬ ውስጥ የዚህ ዲ ኤን ኤ ቅጂዎች ብዛት እጅግ አነስተኛ መሆኑና መብዛቱ ብዙውን ጊዜ ከደካማ የዘር ፈሳሽ ጋር ተያይዞ መገኘቱ ነው። እዚህ ደሴ በምሠራበት ላቦራቶሪ፣ ጭንቅላቱ ደህና ሆኖ ጅራቱ ባለበት የሚንቀጠቀጥ ዘር ፍሬ በማይክሮስኮፕ ባየሁ ቁጥር የሚያሳዝነኝ፣ ሚስት መካን ተብላ በየጠበሉና በየሼሁ ደጅ ዓመታት ከተንከራተተች በኋላ ባል ገና ለመጀመሪያ ጊዜ መመርመሩ ነው። ምርመራው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና መስጠትን ብቻ ይጠይቃል።