ዋናው ይቀራል፣ ቅጂው ይሄዳል

የእስክንድርያን ነገር ያመጣው ዓሣ አንበሪ ነው።

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ነበር። ጠዋት የጀመረው ካፊያ ከሰዓትም አላባራም፤ የሰፈሩ ልጆች ጸበል ነው እያሉ ዝናቡ ላይ ሲጨፍሩ ውለው ከንፈራቸው ጠቁሮ ገብተዋል። እኛ ትልልቆቹ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነን። መሪጌታ ከቅዳሴ መጥተው ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ዕድሜውን ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ጡረተኛ መምህር አለ። ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» የሚለው ሰውም አለ፤ ሃያ ዓመት ከመርከብ ወለል በታች ከሞተር ጋር ያሳለፈ መካኒክ ነው፤ መሪ ጨብጦ አያውቅም፣ ግን ስሙን አላስተባበለም። ሶፋው ጥግ ሐጂ ተቀምጠዋል፤ መርካቶ ብትን ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ቡናውን የምታፈላው የባለቤቲቱ የእህት ልጅ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ጳጉሜን አጥብቃ ትጠላለች። ደመወዝ የላትማ!

መሪጌታ የዕለቱን ስንክሳር ተረኩልን። በእስክንድርያ አጠገብ ባለች ደሴት፣ በሊቀ ጳጳሱ በአባ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በሩፋኤል ስም ቤተ ክርስቲያን ታነጸች። አንድ ቀን ሕዝቡ ውስጥ ሳለ ወለሉ ተናወጠ። ለካ ደሴት ያሉት የአንበሪ ጀርባ ኖሯል! ወደ መልአኩ ጮኹ፤ መልአኩም አንበሪውን ጸጥ አሰኘው።

ካፒቴን ሲኒውን አስቀመጠ። «መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እስክንድርያ አራት ጊዜ ገብቻለሁ። አንበሪ ቀርቶ የታሪክ ከተማ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ሮም ብትሄድ ድንጋዩ ቆሟል። እዚያ ግን ፎቅ፣ የታክሲ ጡሩምባ፣ ጨው የበላው በረንዳ። ያ ሁሉ ወሬ የታለ?»

«እግርህ ሥር» አለ መምህሩ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወደ ወንበሩ ጫፍ መጣ። «ባሕሩም ሥር። በ365 የመሬት መንቀጥቀጥ ባሕሩን አስነስቶ ከተማው ላይ ደፋው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።) የነክሊዮፓትራ ቤተ መንግሥት የነበረበት ደሴት ከነዓምዱ ሰጥሞ ኖሮ፣ ጠላቂዎች ያገኙት ገና በ1990ዎቹ ነው። ከ100 ሜትር በላይ ነበር የሚባለው የመርከብ መብራት ማማም 1,500 ዓመት ከቆመ በኋላ በ1303ቱ መንቀጥቀጥ ተሰባበረ። እዚያ አገር ወለል ይናወጣል። በአንበሪው አትሳቅ።»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። ካልጠበቁት በኩል ደጋፊ መጣላቸው።

«ባሕሩ ዳር ያለውን ምሽግ አውቀዋለሁ» አለ ካፒቴን። «ዓሣ አጥማጆች ዘንግ ይዘው የሚሰለፉበት።»

«እሱ ነው። ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ያሠራው፣ ማማው የነበረበት ቦታ ላይ። ወደዚያ ስትሄድ በየት አለፍክ?»

«በሰፈር መሐል ነዋ። ጠባብ ነው፤ ከመስኮት መስኮት ልብስ ተሰጥቶበታል። አንዱ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፉል በላሁ።»

«ባሕር ላይ ነው የበላኸው!» አለ መምህሩ ጭኑን መትቶ። ምሽጉ ያለበት ፋሮስ ድሮ ደሴት ነበር። ታላቁ እስክንድር ከተማዋን በ331 ቅ.ል.ክ. ካስቀየሰ በኋላ፣ ደሴቱን ከየብሱ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ባሕሩ ላይ ተሠራ፤ ርዝመቱ ሰባት ስታድዮን፣ 1,200 ሜትር ገደማ። ከግራና ከቀኙ ደለል እየተጠራቀመ ሰፋ፤ መንገዱ መሬት ሆነ፤ መሬቱ ሰፈር ሆነ። ካፒቴን ለአፍታ ዝም አለ፤ ፉሉን እያስታወሰ ይመስለኛል።

መንገዱ ባሕሩን ለሁለት ስለከፈለው ከተማዋ ባለ ሁለት ወደብ ሆነች። ዛሬ ትልልቅ ጭነት የሚራገፈው በምዕራቡ ነው፤ ካፒቴንም የሚያውቀው እሱን ነው። ነገሥታቱ መርከባቸውን ያቆሙበት የምሥራቁ አሁን የዓሣ ጀልባ ማደሪያ ነው። በስተደቡብ ደግሞ ሐይቅ አለ፤ ከአባይ በቦይ ይገናኝ ነበርና የግብጽ እህል በዚያ ገብቶ በባሕር ይወጣል። መምህሩ ይህን ሁሉ በሲኒና በረከቦት እየደረደረ ነው ያሳየን። ልጅቷ ስኳሩን ከሐይቁ ውስጥ ማውጣት ነበረባት።

«ፊቷ ወደ ባሕር፣ ጀርባዋ ወደ ግብጽ ነው» አለ። «ሮማውያን ሲጠሯት እንኳ ‹በግብጽ ያለችው› አይሉም፤ ‹ከግብጽ አጠገብ ያለችው እስክንድርያ› ነው የሚሉት። ከእስክንድር በኋላ ግብጽን የያዘው የግሪኮቹ ነገሥታት፣ የበጥሊሞስ ዘር፣ 300 ዓመት ገደማ ሲገዛ፣ ያገሬውን ቋንቋ የተማረች ክሊዮፓትራ ብቻ ናት ይባላል።»

«እንደ መርካቶ ናታ» አሉ ሐጂ። «መርካቶ ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ግን ሌላ አገር ነው።»

ልጅቷ ቶናውን እየቀዳች ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ ያን ዝነኛውን የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍትስ ማን አቃጠለው? እኛ ዐረቦች ናቸው ሲባል ነው የሰማነው።»

ሐጂ ቀና አሉ። «ይኸው! ዞሮ ዞሮ እኛው ላይ።»

«አይደለም ሐጂ፣ በዚህስ ነፃ ነዎት» አለ መምህሩ። የዐረቦቹ ጦር መሪ ዐምር ኢብን አል-ዓስ ከተማዋን የያዘው በ641 እና በ642 ነው። ኸሊፋው አስቃጠለ የሚለው ወሬ የተጻፈው ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ዛሬ የሚቀበለው የታሪክ ሰው ብዙም የለም። ቄሳር በ48 ቅ.ል.ክ. ወደቡ ላይ መርከቦች ሲያቃጥል እሳቱ ወደ ዳርቻው ተዛምቷል፤ ምን ያህል መጽሐፍ እንደበላ ግን ያከራክራል። ከዚያም በፊት፣ በ145 ቅ.ል.ክ.፣ ስምንተኛው በጥሊሞስ ሊቃውንቱን ከከተማው አባሯቸዋል። «አንባቢ ሲባረር መጽሐፉን ብል ይጨርሰዋል። በ391 ገደማ ደግሞ ሴራፔዩም የሚባለው ቤተ ጣዖት ፈረሰ፤ ቀድሞ የመጽሐፍ ማኖሪያ ነበረው። ያኔ ሊቀ ጳጳሱ ቴዎፍሎስ ነው።»

«ቴዎፍሎስ? የአንበሪው?» ካፒቴን ነገር አገኘ።

«እሱው።»

መሪጌታ ቶሎ አልመለሱም። ፈንዲሻ ዘገኑ። «የፈረሰው ጣዖት ነው» አሉ በመጨረሻ። «መጽሐፍ ሲቃጠል አየሁ ያለ ሰው ካለ ጥቀስልኝ።» መምህሩም አልገፋም፤ መጻሕፍቱ እስከዚያ ዘመን እዚያ ስለመቆየታቸው የሚያረጋግጥ ነገር የለውም።

«ይልቅ ሁሉም ስለ መቃጠሉ ይጠይቃል፤ እንዴት እንደተሰበሰበ የሚጠይቅ የለም» አለ። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን እንደጻፈው፣ ሦስተኛው በጥሊሞስ ወደቡ ላይ ያቆመ መርከብ ሁሉ እንዲፈተሽ አዘዘ፤ መጽሐፍ ከተገኘ ይወሰዳል፣ ይገለበጣል፤ ለባለቤቱ የሚመለሰው ግን ቅጂው ነው። ዋናው «ከመርከብ» የሚል ምልክት ተደርጎበት እዚያው ይቀራል። ከአቴናም የታላላቆቹን ተውኔት ጸሐፊዎች ዋና ቅጂ 15 መክሊት ብር አስይዞ ተዋሰ፤ መያዣው ይቅርብኝ ብሎ የላከላቸው በጥሩ ወረቀት ያስገለበጠውን ነው።

«ጉምሩክ!» ብሎ ጮኸ ካፒቴን። ምነው ቢሉት፣ በአንድ ወደብ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) አዲስ ቴፕ ወስደውበት በምትኩ ባለ ሦስት ቀለም ደረሰኝ ሰጥተውታል። ደረሰኙን እስከ ዛሬ አልጣለውም።

«ለእኛስ ምን ላኩልን?» አሉ ሐጂ፤ ነገሩን ወደ መሪጌታ ለመመለስ ነው።

መሪጌታ ተስተካከሉ። እዚህ ቤታቸው ነው። የመጀመሪያ ጳጳሳችንን አባ ሰላማን የቀባው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ ቄርሎስ ከዚያ ነው፤ መንበረ ማርቆስ እናት ናት። ካፒቴን ግን፦ «ጳጳስ ከእስክንድርያ መጣ ሲባል፣ ከወደቡ ነው የሚሳፈረው?»

«ከካይሮ ነው የሚመጣው» አለ መምህሩ ቀበል አድርጎ። «መንበሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ሄዷል። ለ900 ዓመት እስክንድርያ እያልን የምንለምነው ካይሮን ነበር።»

«መንበር ድንጋይ አይደለም፣ በየሄደበት ይሄዳል» አሉ መሪጌታ። ቆንጆ መልስ ነበር። መምህሩ ግን ሞቆታል። ጳጳሱ ሲሞት ነገሥታቱ ወርቅ ጭነው መልእክተኛ ይልካሉ፤ ዓመታት ይጠብቃሉ፤ እስከዚያ ቄስ የሚቀባ የለም። አፄ ዮሐንስ በ1881 አራት ጳጳሳት ባንዴ ማስመጣታቸው ትልቅ ነገር ተባለ። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መርጠው እንዳይሾሙ የሚከለክለው አንቀጽ ደግሞ የኒቅያ ጉባኤ ነው ተብሎ ፍትሐ ነገሥት ላይ ሰፍሯል። «በኒቅያ የተወሰነው ሃያ ቀኖና ነው። ይሄ ከሃያው ውስጥ የለም።»

«ኋላስ አልተፈታም?» አሉ መሪጌታ። «በ1951 የራሳችንን ፓትርያርክ ሾምን።»

«በ1959 ነው መሪጌታ። በ1951 የሾምነው ሊቀ ጳጳስ ነው።»

«ልጅ ነበርኩ፤ ደወሉን ሰምቻለሁ! 1951!»

ሩብ ሰዓት በዚህ ተጨቃጨቁ። ድምፅ ሲያይል ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለቻቸው። አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ የሆኑት ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1959። መጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ በእኛ 1943፣ በፈረንጆቹ 1951። መሪጌታ በድል ሲኒያቸውን ዘረጉ፤ መምህሩም በድል ዘረጋ።

ከመለያየታችን በፊት መምህሩ እስክንድርያ ዋና ከተማነቷ ዐረቦቹ ወደ ቆረቆሯት ፉስጣጥ ሲዛወር ሞታለች፣ የቀረው ስሟ ነው አለ። ካፒቴን «እኔ ያየሁት ሬሳ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል» ብሎት ወጣ።

እኔ ያን ቀን አዳማጭ ነበርኩ። አሁን ልፍረድ።

ሞታለች በሚለው መምህሩ ተሳስቷል። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ ያገኘው ጥቂት ሺህ ሰው ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን የግብጽ ገዢ መሐመድ ዓሊ የማሕሙዲያን ቦይ በ1820 አስቆፍሮ ከአባይ ጋር መልሶ ሲያገናኛት፣ ግሪኩም ጣሊያኑም አይሁዱም ሶርያዊውም እንደ ጥንቱ ተንጋግቶ መጣ። የግብጹ መሪ ናስር የስዊዝን ቦይ የወረሰበትን ንግግር ያደረገው በ1956 እዚያው አደባባይ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የውጭው ሰው እየተነቀለ ሄደ። ቦይ ሲከፈት ትነሳለች፣ ሲደፈን ትተኛለች። ካፒቴን ወደብ ናት ማለቱ ከሁሉም ይሻላል።

ግን ወደብ ብዙ ነው። የእስክንድርያን ጠባይ የያዘልኝ ያ የመርከብ ፍተሻ ነው፦ ዋናውን አስቀርቶ ቅጂውን መስጠት። ለእኛም የኒቅያን ቀኖና ስትልክልን ዋናው ላይ የሌለ አንቀጽ ያለበትን ላከችልን። ያው ሦስተኛው በጥሊሞስ፣ ከዚሁ ከእኛው አካባቢ ለጦርነት ስላስጠመዳቸው ዝሆኖች በግሪክኛ የሚያወራ ጽሑፍ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው አዱሊስ ድንጋይ ላይ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ጊዜ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ለንጉሡ እንዲገለብጥ ታዞ ገለበጠው፤ አንዱንም ለራሱ ያዘ። ድንጋዩ ጠፍቷል። ዛሬ የምናነበው የነጋዴውን ቅጂ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ መሪጌታና መምህሩ ሳያውቁት የተጣሉበት ላይ። ያ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የእስክንድርያ ሒሳብ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አኒያኖስ የተባለ የዚያች ከተማ መነኩሴ የጌታን ልደት ከዓለም ፍጥረት 5500 ዓመት ቆጥሮ አስቀመጠው፤ ሮም ኋላ በሌላ መነኩሴ ሒሳብ ሄደች። ግብጾቹ ራሳቸው ዓመቱን ከሰማዕታት ዘመን፣ ከ284 ይቆጥራሉ። በእስክንድርያው ሒሳብ ዛሬም ደመወዝ የሚከፍል፣ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ወለድ የሚያስብ አገር የእኛ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ዋናውን ያስቀረነው እኛ ነን።

ይህን በማግስቱ ለልጅቷ ነገርኳት። ጳጉሜ ራሷ ግሪክኛ መሆኗን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን ይጨመርባት ብሎ በ238 ቅ.ል.ክ. ከእስክንድርያ አጠገብ በካኖፐስ ያስወሰነው ያው የመርከብ ፈታሹ በጥሊሞስ መሆኑን፣ ያኔ የሰማው ጠፍቶ ኋላ አውግስጦስ እንዳስፈጸመው ጨመርኩላት።

«እኔን ያለ ደመወዝ አንድ ቀን የጨመረብኝ እሱ ነዋ» አለች።