በሦስት ጥይት ተታልዬ ከረምኩ

ዛሬስ ሳልናገር አላድርም።

ለረጅም ርቀት ኢላማ ብዬ በልኬ ያሠራሁት ጠመንጃ አለኝ። ጥይቱን የማዘጋጀውም ራሴ ነኝ። ቀለሁን አጸዳለሁ፣ አንገቱን አስተካክላለሁ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ፕራይመር እተክላለሁ፣ ባሩድ እመዝናለሁ፣ አረሩን እገጥማለሁ። ባሩዱ የሚመዘነው በግሬን ነው። አንድ ግሬን 0.065 ግራም እንኳ አይሞላም። እኔ ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ ሳሳድድ ሌሊቱ ይነጋብኛል።

ድካሙስ ይሁን። ያንገበገበኝ «በየባሩዱ መጠን ሦስት ሦስት ተኩስና ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉበትን ምረጥ» የሚሉት ምክር ነው። የማይለው ሰው የለም። እኔም አምኜ ጀመርኩ። መመሪያው ላይ ካለው ዝቅተኛ መጠን ተነስቼ በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። ከጣሪያው አላለፍኩም፤ እሱ ላይ ቀልድ የለም። አንደኛው መጠን ላይ ሦስቱም ጥይቶች በአንድ ቀዳዳ ገቡ ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ይዤ ያላሳየሁት ሰው የለም። በሳምንቱ ያንኑ ይዤ ብመለስ ብትንትን አለ። ነፋሱን ረገምኩ። ትንፋሼንና የቃታ አሳሳቤን ጠረጠርኩ። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ፈትቼ መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ሌላ መጠን፣ ሌላ ሦስት ጥይት፣ ሌላ ደስታ፣ ደግሞ ብትን።

ለካ ነገሩ ሂሳብ ነው። በዚያው ጠመንጃና በዚያው ጥይት በሦስት ፋንታ አሥር ብትተኩሱ፣ በሁለቱ ዳር ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 1.6 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ምንም ሳይበላሽ! ስንት ወር ባሩዱን የመረጥኩ እየመሰለኝ ዕድሌን ስቆጥር ከርሜአለሁ።

የጥይት ፍጥነት መለኪያውም ያው ነው። የሦስት ጥይት ፍጥነት ተቀራርቦ ሲታይ ልብ ይሞላል፤ ጉዱ የሚወጣው ርቀቱ ላይ ነው። ኤፍ ክላስ በሚባለው የረጅም ርቀት የኢላማ ተኩስ ውድድር በ1,000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር፣ የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 10 ኢንች ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የሁለት ጥይቶች ፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር ከተለያየ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ማለቱ ብቻ ያን ክብ ሊሞላው ምንም አይቀረው።

አንጀቴን የሚያሳርረው ግን አፈሙዙ ነው። እንደኔው 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ አፈሙዝ ለውድድር የሚበቃው ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ጥይት ገደማ ነው። በተተኮሰ ቁጥር የውስጡ ብረት፣ በተለይ ጉሮሮው፣ ማለትም አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ መጀመሪያ የሚገባበት ቦታ፣ ይበላል። ስንት መቶውን «ምርጡን መጠን» ፍለጋ አቃጠልኩት! በዚያ ላይ ባሩዱ አለቀና ያንኑ ስም ያለበትን ሌላ ገዛሁ። የምርት ቁጥሩ ተለይቷል፤ ፍጥነቱም አብሮ ተለወጠ። እንደገና ከታች መጀመር!

ለነገ ሁለት መጠን ብቻ አዘጋጅቻለሁ፤ ከእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ጥይት። እባካችሁ፣ የሦስት ቀዳዳ ፎቶ እየላካችሁ «አገኘሁት!» አትበሉኝ።