የሳሳው አየሩ ነው ወይስ ቅይጡ?

ሙግቱን የጫረችው አንዲት ቃል ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር ጋራዥ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ ወጣቱ መካኒክ የመመርመሪያ መሣሪያውን ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ከሆነች አንዲት የጃፓን አውቶሞቢል ነቅሎ መጣና፣ "ፒ0171 ነው የሚለው፤ ቅይጡ ሳስቷል" አለ፤ በሞተሩ ኮምፒውተር የጥፋት ኮድ ይህ ማለት ከአየሩ ጋር የሚቀየጠው ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። አጠገባችን የነበረው የጂቡቲን መንገድ ለዓመታት የተመላለሰ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ወዲያው ተቀበለው። "መሳሳቱማ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ እኮ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ከአዋሽ ሽቅብ ስመለስ የእኔም መኪና ይደክማል" አለ።

የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ፣ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አየሩ ሲሳሳ ቅይጡ ይወፍራል እንጂ አይሳሳም፣ ልጄ። በካርቡራቶር ዘመን ከአሰብ የወጣ መኪና እዚህ ሲደርስ ቅይጡን የሚለኩሰው ካንዴላ በጥቀርሻ ጠቁሮ ነበር የምናገኘው። ቤንዚኑን እንቀንስለት ነበር እንጂ አንጨምርለትም" አሉ።

ጋሼ ልክ ነበሩ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ካርቡራቶር ግን የአየሩን መቅለል በቅጡ ስለማይረዳ ቤንዚኑን አብዝቶ ይለቃል። ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭ ኢንጀክተር የሚሠራው ሞተር ደግሞ የሚገባውን አየር በክብደቱ ስለሚለካ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለአየሩም ለቅይጡም "ሳሳ" የሚል አንድ ቃል መጠቀማችን ስንት ጋራዥ ውስጥ ስንት ሰው እንዳሳሳተ እንጃ።

ባለመኪናው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። የፋብሪካውን የአየር ፊልትሮ ሣጥን አውጥቶ ሰፊ ቱቦና ክፍት ፊልትሮ አስገብቷል፤ የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ በረጃጅም ቧንቧዎች አስቀይሯል፤ ማርሚታውንም አስፍቷል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጠዋት ስትነሣ ትንተባተባለች፣ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥም ለአፍታ ትደነግጣለች። እሱ መፍትሔውን አስቀድሞ ጨርሶታል። "ብዙ አየር ትስባለች፤ ስለዚህ ብዙ ቤንዚን ያስፈልጋታል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ትልልቅ ኢንጀክተር ልግዛ፤ ካልሆነም የነዳጁን ግፊት ከፍ አድርጉልኝ" ይላል። ጋሼ የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል ባይ ነበሩ። ወጣቱ መካኒክም በበኩሉ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር አርጅቷልና ይቀየር ብሎ፣ ዋጋውን ሳይቀር በስልክ አጠያይቆ ነበር።

የፖምፓው ክስ ቶሎ ተዘጋ። የግፊት መለኪያውን በነዳጁ መስመር ላይ ገጥመን የእንጦጦን ዳገት ወጣን፤ መርፌው 3.2 ባር ላይ ቆሞ አልተነቃነቀም። የደከመ ፖምፓ ወይም የተደፈነ የቤንዚን ፊልትሮ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት በዚያ ዳገት ላይ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ካንዴላዎቹን አስፈትተው አዩ። አራቱም ደህና ቡናማ ቀለም ነበራቸው። "ይኸው! የሳሳ ቅይጥ ካንዴላን ያነጣል። ኮምፒውተራችሁ ይዋሻል" አሉ። ወጣቱ በዚህ ጊዜ የመለሰው መልስ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ የተሻለው ነበር። "አይዋሽም፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ማነሱን አይቶ ከራሱ ቤንዚን ይጨምራል፤ ካንዴላው የሚያሳየው ከተጨመረ በኋላ ያለውን ነው። ይህ ቁጥር ደግሞ ስንት እንደጨመረ ይናገራል። እንደ ብድር ይዩት፤ ሰውየው ጠግቦ ስላደረ ዕዳ የለበትም አይባልም" አላቸው።

ቁጥሩ መካኒኮች ፊውል ትሪም የሚሉት የነዳጅ ማረሚያ ነው። ኮምፒውተሩ ለ14.7 እጅ አየር አንድ እጅ ቤንዚን ለማድረስ ከመነሻው ስሌት ላይ በመቶኛ ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። ገደቡ እንደየአምራቹ ቢለያይም፣ የአጭሩና የረጅሙ ጊዜ ማረሚያ ድምር ወደ 25 በመቶ ሲጠጋ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። የእኛዋ መኪና በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) 29፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ 21፣ በዳገቱም 20 በመቶ ትጨምር ነበር። ፖምፓ ቢሆን ቁጥሩ ከጭነት ጋር ባደገ ነበር፤ ይህ ግን በሚኒሞ ከፍ ብሎ ከዚያ ወርዶ አንድ ቦታ ይቆማል። እንዲህ ያለው ቁጥር ተደራርበው የተቀመጡ ሁለት ጥፋቶችን ያመለክታል።

በሚኒሞ የታየውን ትርፍ ያገኙት ጋሼ ናቸው፣ ያለ ምንም መሣሪያ። በመጀመሪያ በአየር መግቢያው ማኒፎልድ ዙሪያ የካርቡራቶር ማጽጃ ቢረጭ ማረሚያው አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር በዚያ በኩል የለም። ጋሼ ሞተሩ በርዶ እስኪያድር ጠብቀው በማግስቱ አስነሡት፤ እርጥብ ጨርቅ በማርሚታው አፍ ላይ ይዘው ጆሯቸውን ጣሉ። አዲሱ የጭስ ማውጫ ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ማሸጊያ፣ ከጓርኒሲዮኑ፣ "ጭስ፣ ጭስ" የሚል ድምፅ ወጣ። ቀዳዳው የሚገኘው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ነው። በሚኒሞ ጊዜ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር በዚያ ሾልኮ ይገባና ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ጭሱ ስለሚበረታ ተንኮሉ ይጠፋል። ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር የሚኒሞው ቁጥር ከ29 ወደ 21 ወረደ። ወጣቱ ሊያስገዛ የነበረው ሴንሰር ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ የቀረበለትን ነበር የሚናገረው።

የቀረው 21 በመቶ በሁሉም ፍጥነት እኩል መሆኑ የመለኪያ ስሕተት ይመስላል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር የጋለ ሽቦ አለው፤ ሽቦውን በራሱ ማጽጃ አጸዳን፤ ለውጡ ከሁለት በመቶ አልበለጠም። ከዚያ ወጣቱ በካሊፐር የሁለቱን ቱቦዎች ውስጣዊ ስፋት ለካ። የአየር መለኪያው ሴንሰር በፋብሪካው ማቀፊያ ቤቱ ውስጥ ሳለ የቆመበት ቱቦ 60 ሚሊሜትር ነበር፤ አሁን የቆመበት 66 ነው። ስድስት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች ያልን ሁሉ አፈርን። የሁለቱ ቱቦዎች አፍ ስፋት ሲነጻጸር አሮጌው የአዲሱን 83 በመቶ ያህል ነው፤ ያው አየር በሰፊው ቱቦ ዝግ ብሎ ስለሚያልፍ የጋለውን ሽቦ በትንሹ ያበርደዋል፣ ኮምፒውተሩም አየሩ 17 በመቶ ያነሰ ይመስለዋል። ያንን ለማካካስ የሚጨመረው ቤንዚን ደግሞ 21 በመቶ ነው። የፋብሪካው ቤት ለአንድ ሰዓት ተመልሶ ሲገጠም ማረሚያው ሦስት በመቶ ሆነ።

ባለመኪናው ግን አልተረታም። "እንግዲያው ሃያ አንድ በመቶ የሚያንስ ከሆነ ግፊቱን በዚያው ልክ ጨምሩልኝና ቱቦዬን ተዉልኝ" አለ። አሽከርካሪውም "ልክ ነው፤ ውጤቱ ያው አይደለም እንዴ?" ብሎ ደገፈው።

እንድፈርድ የተጠየቅሁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ፍርዴም በባለመኪናው ላይ ሆነ። አንደኛው ምክንያት ስሌቱ ነው። የሚፈሰው ነዳጅ ከግፊቱ እኩል አያድግም፤ 21 በመቶ ለመጨመር ግፊቱ ከ3.2 ወደ 4.7 ባር ገደማ መውጣት አለበት፣ ያም ለፖምፓው ሌላ ጣጣ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን የሚጠቀምበት ለቤንዚኑ ብቻ አይደለም፤ ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስም የሚወስነው በእሱው ነው። አየሩ ያነሰ ሲመስለው ጭነቱም ያነሰ ይመስለዋል፣ ብልጭታውንም ያስቀድማል። ግፊቱን ብንጨምር ማረሚያው ዜሮ ይሆናል፣ መብራቱም ይጠፋል፤ ሞተሩ ግን በዳገት ላይ ያለጊዜው እየተተኮሰበት ማንኳኳት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያስጠነቅቀን ቁጥር አጥፍተነዋል። ትልልቆቹ ኢንጀክተሮችም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም።

ለጋሼ በጭስ ማውጫው፣ ለወጣቱ በቱቦው ፈርጃለሁ፤ ሁለቱም ግን ሳይለኩ ዕቃ ለማስቀየር በመቸኮላቸው አልተመሰገኑም። ባለመኪናው ሴንሰሩን ከነፋብሪካው ቤት እንዲመልስ፣ ሰፊውን ቱቦ የግድ ከፈለገም አስቀድሞ የኮምፒውተሩን የአየር ሠንጠረዥ ለዚያ ቱቦ እንዲያስጽፍ ነገርሁት። ያም ሲሆን ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ቅይጡ ከ12.5 እስከ 13 እጅ አየር ለአንድ እጅ ቤንዚን መሆኑን የቅይጡን መጠን በቁጥር በሚያሳይ ዋይድባንድ ሴንሰር ማየት አለበት፤ የመኪናዋ የራሷ የኦክስጅን ሴንሰር ወፈረ ወይም ሳሳ ከማለት በቀር መጠኑን አይነግረውምና። እስካሁን የፋብሪካውን ሣጥን መልሶ እየነዳ ነው። ሰፊውን ቱቦ ግን አልሸጠውም፤ ከኋላ ወንበሩ ሥር አይቼዋለሁ።