ለከፈለ ቁልፍ፣ ለሰረቀ ክፍት በር

ገንዘብ ከፍሎ እንደ ሌባ መፈተሽ መቼ ነው የሚያበቃው? ፋይል እንዳይቀዳ በሚከለክለው የአዶቤ ኩባንያ ዲጂታል ቁልፍ የተቆለፈ ኢ-መጽሐፍ ሲገዙ መጀመሪያ የሚወርደው መጽሐፉ ሳይሆን ጥቂት ኪሎባይት የምትሆን፣ መጽሐፉን ለማውረድ የምታገለግል የኤሲኤስኤም ፋይል ናት። እሷን ለመክፈት አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ የተባለውን የንባብ ፕሮግራም መጫን፣ አካውንት ማውጣት፣ ኮምፒውተሩን ማስመዝገብ፣ ከዚያ የንባብ መሣሪያውን በገመድ አገናኝቶ እሱንም በዚያው አካውንት ማስመዝገብ ነው። ሁለቱ በተለያየ አካውንት ከተመዘገቡ ፋይሉ ቢገለበጥም አይከፈትም። መሣሪያ ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ደግሞ የምዝገባ ኮታው ያልቅበታል።

የሰረቀውስ? አውርዶ ያነባል። አለቀ።

ቁልፉን አንድ ሰው አንዴ ከሰበረው ቅጂው ለሁሉም ይዳረሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀጣው ገዢው ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት አብረው ጠፉ። ገንዘቡን መልሷል፣ እውነት ነው፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ቀረ።

አሳታሚዎቹን ይበልጥ ሊያንገበግባቸው የሚገባው ግን ሌላ ነው። ለአማዞኑ የንባብ መሣሪያ ለኪንድል የተቆለፈ መጽሐፍ በተፎካካሪው መሣሪያ በኮቦ ላይ አይከፈትም። ስለዚህ ኪንድል ላይ ብዙ መጽሐፍ ያከማቸ አንባቢ ሌላ መደብር ቢረክስለትም አይሄድም። አሳታሚው ራሱ በጠየቀው ቁልፍ ገበያውን ለአማዞን አስረከበ፤ ከዚያ ደግሞ አማዞን በዋጋ ጠመዘዘን ብሎ ያለቅሳል!

ቶር የተባለው የሳይንስ ልቦለድ አሳታሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ቁልፉን አነሳ፤ ከዓመት በኋላም ስርቆቱ ይህን ያህል ሲጨምር አላየንም አለ። ሌባ ያሰጋው አሳታሚ የገዢውን መለያ በፋይሉ ውስጥ ያትም፤ ቅጂው ቢሰራጭ ከማን እንደወጣ ይታወቃል፤ ምዝገባም ገመድም አይፈልግም።